ጘ፦ በገበታው ላይ ያልነበረች ፊደል

  ትምህርቱ በራዲዮ ከተነገረ በኋላ ታትሞ እንደሚደርሳችሁ ታውቃላችሁ። የዛሬውን በጆሮ ብቻ ብትሰሙት ግማሹ ይቀርባችኋል። የምንነጋገረው በዓይን መታየት ስላለባት አንዲት ፊደል ነውና። ፊደሏ ይህች ናት፦ ጘ።

እስኪ ከጎኗ ገን እንጻፍ፦ ገ፣ ጘ። አስተያዩአቸው። ዘመዳሞች መሆናቸው ያስታውቃል፤ ሁለተኛዋ ግን የተጨመረባት ምልክት አለ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያላችሁ ገበታውን ከላይ እስከ ታች የጨረሳችሁ ሁሉ ይህችን ፊደል አላገኛችኋትም። አልዘለላችኋትም፤ የተማራችሁበት የአማርኛ የፊደል ገበታ ላይ የለችም። ሠላሳ ሦስቱ ፊደሎች በሰባት በሰባት ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ ከ231ዱ አንዷም እሷ አይደለችም።

ታዲያ የት ትገኛለች ብትሉ፣ ልጆቻችሁ ይዘው በሚመጡት የአዊኛ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚያ ነው። በማታው የጎልማሶች ክፍል ከማስተምራቸው አንዲት እናት፣ ፊደል በቆጠሩ በዓመቱ የልጅ ልጃቸውን መጽሐፍ ይዘው መጡና «መምህር፣ ይቺ ገ ምን ነካት? አይጥ በላት ወይስ ማተሚያ ቤቱ ነው ያበላሻት?» አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን ጥያቄያቸውን ወደድሁት። ሰው ያልገባውን ፊደል ዝም ብሎ ከሚያልፍ ቢጠይቅ ይሻላል። ከዚህ የከፋም አይቻለሁና፤ አንዳንድ አባት ልጁ ጘ ብሎ የጻፈውን በእርሳስ ሰርዞ «ገ በል!» እያለ ያርመዋል። ልጁ ትክክል ነው፣ አባትየው በቅን ልብ ተሳስቷል። ልጁም ከዚያ ወዲያ የቱን ይመን? መምህሩን ወይስ አባቱን?

እንግዲህ ፊደሏ የተበላሸች እንዳልሆነች ለማወቅ በመጀመሪያ ድምጿን እንስማ።

ሁላችሁም በያላችሁበት «መንደር» በሉ። አሁን ቀስ ብላችሁ ድገሙትና «መን» ላይ ስትደርሱ ቁሙ። የምላሳችሁ ጫፍ የት ነው? ከላይኛው ጥርሳችሁ ኋላ ተጣብቋል። ደግ። አሁን ደግሞ «መንገድ» በሉ። እንደዚያው «መን» ላይ፣ ገ ከመውጣቷ በፊት፣ ቁሙ። የምላሳችሁ ጫፍ አሁን ጥርስ አልነካም፤ ታች ተኝቷል። የተነሣው የምላሳችሁ ሥር ነው። ወደ ጉሮሮ ሄዶ ገ በሚባልበት ቦታ በሩን ዘግቷል፣ ትንፋሹም በአፍንጫ ይወጣል። እንደዚያው እንደ ቆማችሁ አፍንጫችሁን በሁለት ጣት ያዙት። ድምፁ ቀጥ አለ አይደል? በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ ለመሆኑ ይህ ማስረጃ ነው።

ያ ድምፅ የጘ ድምፅ ነው።

ስለዚህ ጘ ለአማርኛ ተናጋሪም ባዕድ አይደለችም። መንገድ፣ ሰንጋ፣ እንግዳ፣ እንጎቻ ስንል ሁልጊዜ ከአፋችን ትወጣለች። ዘንገና ስንልም እንኳ፣ ከሐይቁ ስም መካከል ያለችው ን በጥርስ ላይ የምትባለዋ ን አይደለችም፤ ገ ስለ ተከተለቻት ወደ ጉሮሮ ተስባ ሄዳለች። አማርኛ ግን ይህችን ድምፅ ብቻዋን አያቆማትም። እንደ ገ ወይም እንደ ከ ያለች ፊደል ትከተላታለች። ብቻዋን ስለማትቆም የራሷ ፊደል አላስፈለጋትም፤ ን ብለን ጽፈን አፋችን ራሱ ያስተካክለዋል።

አዊኛ ግን እንዲህ አይደለም። ድምጿ በአዊኛ ብቻዋን ትቆማለች፤ የቃል መጀመሪያም ትሆናለች። እስኪ አዊኛ የምትናገሩ አድማጮች፣ ቤትን ምን ትሉታላችሁ? ጝን። ድገሙት፦ ጝን። መጀመሪያው ላይ ን የለም፣ ግም የለም። አንድ ድምፅ ብቻ ነው። እነዚያ መጽሐፍ ይዘው የመጡት እናት እዚህ ላይ ስንደርስ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሏት የኖሩትን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ በወረቀት ላይ ማየታቸው ነበር።

አሁን ጝንን ያለ ጘ ለመጻፍ እንሞክር። ከሠላሳ ሦስቱ ፊደሎች የቱን እናድርግ? «ንን» ብንል ትርጉም የለውም። «ንግን» ብንል አንባቢው ን ብሎ፣ ግ ብሎ፣ ን ብሎ ሦስት ድምፅ ያወጣል፤ በቃሉ ውስጥ ያሉት ግን ሁለት ድምፆች ናቸው። «ግን» ብለን ብንጽፍስ? ያን ጊዜ አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ «ነገር ግን» የሚለውን ግን ያነበዋል። አንድ ሰው «ቤት ሠራሁ» ብሎ ሊጽፍ ፈልጎ «ግን ሠራሁ» ያለ ይመስላል። ቤት የሚያህል ነገር በአንዲት ፊደል ጉድለት ጠፋ ማለት ነው!

ቤት ብቻም አይደለም። እሱ ለማለት አዊኛ ጚ ይላል። ልብ በሉ፣ ሙሉው ቃል አንዲት ፊደል ናት፤ ፊደሏ ከሌለች ቃሉም የለም። ሁለት የሚለው ቁጥር ላጛ ነው። ሰባት ላጜታ ነው። ከሁሉም የሚገርመው ደግሞ የቋንቋው ስም ነው። በአማርኛ አዊኛ እንለዋለን፣ አገውኛ የሚልም አለ። ባለቤቶቹ ግን አውጚ ይሉታል። መጨረሻዋን ፊደል ተመልከቱ። ይህ ቋንቋ የገዛ ስሙን ያለ ጘ ቤተሰብ መጻፍ አይችልም። ፈረንጆች በላቲን ፊደላቸው ሲጽፉት ድምጿን የምትወክል ተራ ፊደል ስላጡ ኤንን እና ጂን አጋጥመው ይጽፋሉ። ከዚያ ያነበበ ሰው «አውንጊ» ይላል። በአንዳንድ የአማርኛ ጽሑፍም «አውንጊ» የሚል የምናየው ከዚያው ከላቲኑ ተመልሶ የመጣ ይመስለኛል። ከቤት የወጣ ስም ባሕር ተሻግሮ፣ ተጣሞ ተመለሰ።

ስለ ሰባትና ስለ ቤት ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የአዊ ሰው ራሱን ሰባት ቤት አገው ይላል። አንከሻ፣ ባንጃ፣ አዘና፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም ተብለው ሲቆጠሩ ሰምታችኋል። በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ የሚነገረው የፈረሰኞች ማኅበርም የሚጠራው በዚሁ በሰባት ቤት አገው ስም ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሱ አጊጦ ሲወጣ ያላየ ያለ አይመስለኝም። እንግዲህ ሰባት የሚለውም ቤት የሚለውም የአዊኛ ቃል፣ ሁለቱም፣ ይህችን ፊደል በውስጣቸው ይዘዋል። ላጜታ፣ ጝን። ሕዝቡ ራሱን የሚጠራባቸው ሁለቱም ቃላት ከአማርኛው ገበታ ውጭ ባለች ፊደል ነው የሚጻፉት።

«ታዲያ እንዲህ እያሉ ፊደል መጨመር ይፈቀዳል ወይ? ፊደል የአባቶች አይደለም ወይ?» የሚል አድማጭ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከዚያው ከአባቶች ይገኛል።

የግእዝ ፊደል 26 ነው። ግእዝ ሸ አልነበረውም፣ ቸም ጀም አልነበረውም። አማርኛ መጻፍ ሲጀመር ሊቃውንቱ ተቸገሩ፤ ሕዝቡ ሽማግሌ ይላል፣ ጀግና ይላል፣ ጨው ይላል፣ ፊደሉ ግን የለም። ምን አደረጉ? አዲስ ነገር ከባዶ አልፈጠሩም። ድምፁ የሚቀርበውን ፊደል ወስደው ምልክት ጨመሩበት። ከሰ ሸን፣ ከተ ቸን፣ ከነ ኘን፣ ከከ ኸን፣ ከዘ ዠን፣ ከደ ጀን፣ ከጠ ጨን አወጡ። ሰባት ናቸው፤ ከ26ቱ ጋር 33 ሆኑ። ገበታችሁን አውጡና አንድ በአንድ አስተያዩአቸው፤ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ። እናት ፊደሏ በልጇ ውስጥ ትታያለች። በኋላም የውጭ አገር ቃል ሲመጣ ከበ ቨ ወጣች፤ ቴሌቪዥን ስንል እሷን እንጠቀማለን። ትግርኛ ከቀ ቐን አወጣ። ለኦሮምኛ፣ በግእዝ ፊደል ይጻፍ በነበረበት ጊዜ፣ ከደ ዸ ወጥታለት ነበር።

ጘም ከገ የወጣችው በዚሁ መንገድ ነው። ኘ ስሕተት ካልሆነች ጘም ስሕተት አይደለችም። በእኔ አስተያየት እንዲያውም በጥሩ ቦታ ላይ የተተከለች ፊደል ናት፤ የምላስ ሥር የሚነሣበት ቦታ የገ ቦታ ስለሆነ፣ ከነ ሳይሆን ከገ መውጣቷ ትክክል ነው።

አዊኛን በግእዝ ፊደል መጻፍ ራሱ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው የዓባይን ምንጭ ፍለጋ መጥቶ፣ በ1763 ዓ.ም. ግሽ ዓባይ ደርሶ ነበር። ይህ ሰው መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንን በልዩ ልዩ የአገራችን ቋንቋዎች አስተርጉሞ አስጽፏል። ከእነዚያ አንዱ የዳሞት አገው ቋንቋ ነው፤ ይኸውም ዛሬ አዊኛ የምንለው። ብራናው አሁን በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን በሚባለው ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ከዚያው ከብሩስ ጽሑፎች ሌላው በጋፋት ቋንቋ የተጻፈ ነው። ጋፋት የት ነው የሚነገረው እንዳትሉኝ። በዚሁ በጎጃም፣ በዓባይ አካባቢ ይነገር ነበር። በ1940 ዓ.ም. ገደማ ቮልፍ ሌስላው የተባለው የቋንቋ ሊቅ ፈልጎ ፈልጎ የሚናገሩትን አራት ሰዎች ብቻ አገኘ። ዛሬ የሚናገረው የለም። የጎረቤታችን ቋንቋ ነበር፤ የቀረው የወረቀት ላይ ጽሑፉ ነው። አዊኛ ግን በሕይወት አለ፤ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ አፍ መፍቻቸው ያደረጉት ወደ 490 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ነበሩ።

በሕይወት ያለ ቋንቋ ሁሉ ግን በትምህርት ቤት አይገባም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ትልቅ ሥራ ተሠርቷል። በአሥራ አምስት ቋንቋዎች፣ ሁሉም በግእዝ ፊደል፣ መጻሕፍት ተዘጋጅተው ሚሊዮኖች ፊደል ቆጥረዋል። አዊኛ ከአሥራ አምስቱ አንዱ አልነበረም። ስለዚህ በዚያ ዘመን ከአዊ ገበሬ ፊደል የቆጠረው በአማርኛ ነው የቆጠረው። አንድ ሰው በማይናገረው ቋንቋ ፊደል ሲቆጥር ሁለት ሸክም ይሸከማል፤ አንዱ ፊደሉ ነው፣ ሁለተኛው ቃሉ ነው። ቤ እና ትን አጋጥሞ «ቤት» ብሎ ካነበበ በኋላ «ቤት ማለት ጝን ነው» ብሎ በልቡ መተርጎም አለበት። እንዲያም ሆኖ የተማሩ አሉ፤ ጉልበታቸውን አደንቃለሁ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የአንደኛ ደረጃን እንዲማሩ በሩን ከፈተ፤ አዊኛም የትምህርት ቋንቋ ሆነ። ጘ ከልጆች ደብተር ላይ የመጣችው በዚያ በር ነው። ልጁ ያወቃትን አያት ሳያውቃት የቀረውም ለዚህ ነው እንጂ አያት ሰንፎ አይደለም።

ይህች ድምፅ ያለችው በአዊ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አገው የሚባለው ዘር ቅርንጫፉ ብዙ ነው። በዋግ ኽምራ ያሉት ወገኖቻችን ቋንቋቸውን ኽምጣጛ ይሉታል፤ በስሙ መጨረሻ ላይ አገኛችኋት? በኤርትራ ያሉት ቢለኖችም አላቸው፤ እነሱ ቤትን ልጝን ይሉታል። ጝን፣ ልጝን። ወንድማማቾች መሆናቸው በቤታቸው ስም ይታወቃል። የቢለን ቋንቋ በግእዝ ፊደል የታተመ ጽሑፍ ያገኘው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1882 ነው፤ በኋላ ግን በኤርትራ ትምህርት ቤቶች ወደ ላቲን ፊደል ዞሯል።

ራቅ ብላችሁ ወደ ኬንያና ወደ ታንዛኒያ ብትሄዱ ደግሞ በስዋሂሊ ላም ጞምቤ ትባላለች። እነሱ የሚጽፉት በላቲን ፊደል ነው፤ ኤን እና ጂ ጽፈው «ይህ አንድ ድምፅ ነው» ለማለት ከላይ ትንሽ ጭረት ያደርጉበታል። ጭረቷ ከተረሳች ቃሉ ሌላ ይነበባል። እኛ በአንድ ፊደል የምንጽፈውን እነሱ በሁለት ፊደልና በአንድ ጭረት ይጽፉታል። የእኛው አይቀልም ትላላችሁ?

ከቋንቋቸው ድምፅ የተነሣ ፊደል ለመጨመር የተገደዱ ሌሎች ሕዝቦችም አሉ። ከሁሉ ይልቅ የምደነቀው በአብካዝ ነው። አብካዞች በጥቁር ባሕር ዳርቻ፣ በካውካሰስ ተራሮች ሥር ይኖራሉ። ቋንቋቸው ሀምሳ ስምንት ያህል ተነባቢ ድምፆች አሉት ይባላል፤ አናባቢው ግን ሁለት ብቻ ነው! እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1862 ፒተር ኡስላር የሚባል የሩሲያ ጦር መኰንንና የቋንቋ ሊቅ የሩሲያን ፊደል፣ ሲሪሊክ የሚባለውን፣ ይዞ ሊጽፈው ተነሣ። የሩሲያ ፊደል አልበቃም። ከጊዜ በኋላ በአብካዝ ፊደል ውስጥ ከገቡት ተጨማሪ ፊደሎች አንዷ ሩሲያም ሆነ ሌላ ሕዝብ የማያውቃት ናት፤ እንደ ተጠቀለለ ቀለበት ያለች ቅርጽ አላት። ድምጿን ለማውጣት ከንፈራችሁን ወ እንደምትሉ አሹሉ፤ ምላሳችሁን ግን የ እንደምትሉ አንሡ፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ። ሞክሩት። አስቸጋሪ ነው አይደል? ለአብካዝ ሕፃን ግን ቀላል ነው፤ ጝን ለአዊ ሕፃን ቀላል እንደሆነ ሁሉ።

እነዚያ ሰዎች በፊደል ምክንያት ብዙ ተንገላተዋል። በ1926 ወደ ላቲን ፊደል ዞሩ። በ1938 ደግሞ በጆርጂያ ፊደል ጻፉ ተባሉ። በ1954 እንደገና ወደ ሲሪሊክ ተመለሱ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ! አንድ አብካዝ ልጅ በአንዱ ፊደል ተምሮ፣ ታናሽ ወንድሙ በሌላው ተምሮ፣ የወንድሙን ደብዳቤ ማንበብ ሲያቅተው ይታያችሁ። ያም ሆኖ ያቺ ቀለበት የመሰለች ፊደል ዛሬም በመጽሐፋቸው ላይ አለች። ከዚህ አንጻር ስናየው እኛ ዕድለኞች ነን። አማርኛ ፊደል የቆጠረ አያትና አዊኛ የሚማር የልጅ ልጅ በአንድ ፊደል ይጽፋሉ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ጥቂት ፊደል ብቻ ነው። ያን ልዩነት ለመሙላት አንድ ሳምንት አይፈጅም።

ስለዚህ ወደ ሥራው እንግባ። ጘ እንደማንኛዋም ፊደል ሰባት ቤት አላት። አንብቧቸው፦

ጘ ጙ ጚ ጛ ጜ ጝ ጞ

ከገ ጋር አጣምራችሁ አንብቡ፦ ገ ጘ፣ ጉ ጙ፣ ጊ ጚ፣ ጋ ጛ፣ ጌ ጜ፣ ግ ጝ፣ ጎ ጞ። አካሄዷ የገ ነው፤ ገ ላይ ያወቃችሁትን እግርና ቀለበት እዚህም ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ሰባት አዲስ ነገር አትማሩም፤ አንድ ነው የምትማሩት። ጓ ከገ እንደ ወጣች ሁሉ ከጘም ከንፈር አሹሎ የሚባል ጟ ይወጣል፤ ለዛሬ ግን ሰባቱ ይበቃሉ።

አዊኛ ለማትናገሩ አድማጮች አንድ ብልሃት ልንገራችሁ። ቃል መጀመሪያ ላይ ስትመጣ ያስቸግራችኋል፤ አማርኛ አላስለመዳችሁማ። «መንገድ» ብላችሁ ጀምሩና «መ»ን ጣሉ፣ «ገድ»ንም ጣሉ፤ መካከል ላይ የቀረችውን በአፍንጫ ያዟት፤ ከዚያ «እን» ጨምሩበት። ጝን። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ይስቁባችኋል። ይሳቁ።

ስለ ስልክም ብዙ ሰው ስለ ጠየቀኝ ጥቂት ልበል። በእጅ ስልክ ለልጁ መልእክት የሚጽፍ ሰው «ጘን ከስልኬ ላይ አጣኋት» ይላል። ፊደሏ ግን አለች። የዓለም ኮምፒዩተሮች ፊደል የሚለዋወጡበት ዩኒኮድ የሚባል መዝገብ አለ፤ የግእዝ ፊደል እዚያ የገባው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 ሲሆን፣ ከጘ እስከ ጞ ያሉት ሰባቱም ያን ጊዜ አብረው ገብተዋል። ጟ እና ከንፈር የሚያሾሉት እኅቶቿ በ2005 ተጨምረዋል። ስለዚህ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ስልኩ ላይ የተጫነው የመጻፊያ ገበታ ነው፤ አንዳንዱ ገበታ ለአማርኛ ብቻ ተብሎ ስለ ተሠራ አይሰጣትም። ግእዝን በሙሉ የሚጽፍ ገበታ እንዲጭኑላችሁ ልጆቻችሁን ጠይቁ። አንዳንድ ስልክ ላይ ደግሞ በፊደሏ ፈንታ ባዶ ሳጥን ይታያል፤ ያ ማለት የላከው ሰው ተሳስቷል ማለት አይደለም፣ የእናንተ ስልክ ቅርጿን አያውቅም ማለት ነው። እስከዚያው ድረስ ብዙ ሰው በስልክ «ንግ» ወይም «ግ» እያደረገ ይጽፋል። ለመግባባት ያህል ይሁን። በደብተር ላይ፣ በእጃችሁ በያዛችሁት እርሳስ ግን ምን ከለከላችሁ? እርሳስ ሁሉንም ፊደል ይጽፋል።

አንድ የቀረ ነገር አለ። «ልጆቹ በአዊኛ ከተማሩ አማርኛ ይጠፋባቸዋል» ብለው የሚሰጉ ወላጆች አሉ። ስጋቱ ይገባኛል፤ ገበያውም፣ ፍርድ ቤቱም፣ ከተማው ሥራም በአማርኛ ነው። ነገር ግን በክፍል ውስጥ የማየው ሌላ ነው። ቤቱን በወረቀት ላይ ጝን ብሎ ያነበበ ልጅ ፊደል ማለት ድምፅ መሆኑን ቶሎ ይገባዋል። ያ ከገባው በኋላ አማርኛውን ለማንበብ ሲመጣ ከ231ዱ አብዛኛው አዲስ አይሆንበትም፤ በአዊኛው ተምሮታል። የሚቀረው ቃሉን ማወቅ ነው። በማያውቀው ቃል ፊደል የጀመረው ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ገበታውን እንደ ዜማ ይሸመድደውና ከመካከሉ አንዷን ብትጠቁሙት ከሀ ጀምሮ ካልቆጠረ አይነግራችሁም። እናንተም ፊደል ስትቆጥሩ እንዲህ ያለ ጓደኛ አጋጥሟችሁ ይሆናል።

ለሚቀጥለው ጊዜ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በእንጨት ሰሌዳ ላይ በከሰል፣ ወይም በደብተር፣ እነዚህን ጻፉ፦ ጝን፤ ላጛ፤ ላጜታ፤ ጚ፤ አውጚ። አጠገባቸውም አማርኛውን ጻፉ፦ ቤት፤ ሁለት፤ ሰባት፤ እሱ፤ አዊኛ። ከዚያ በኋላ አዊኛ የምታውቁ፣ ጘ ያለባቸውን ሌሎች ሦስት ቃላት ከቤተሰባችሁ ጋር ፈልጋችሁ ጨምሩ። የዘንገናን ሐይቅ እያያችሁ የምትጠብቁት ከብት፣ የምትሠሩበት መሣሪያ፣ የምትበሉት ምግብ፣ ከየትም ይሁን። ቃሉን በላችሁ አፍንጫችሁን ያዙት፤ ድምፁ ከቆመ፣ የምላሳችሁም ጫፍ ጥርስ ካልነካ፣ ከንፈራችሁም ካልተገጠመ፣ ያገኛችኋት እሷ ናት። አዊኛ የማትናገሩ ደግሞ ከአማርኛ ንገ፣ ንጋ፣ ንጎ ያለባቸውን ሦስት ቃላት ጻፉ። የጻፋችሁትን ለማታው መምህራችሁ አሳዩ፤ በሚቀጥለው ትምህርት ከጟ እንጀምራለን።